የክለብ ቴሌቪዥን ለልጆቻችን የሚያሳየው ምንድን ነው?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለብዙ ወላጅ እንግዳ ነው፤ ለልጆቻችን ግን የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በዓለም ላይ ሌሊትና ቀን የኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሙዚቃንና የምሽት ክለብን ብቻ የሚያሳዩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሉ። ዜና የላቸውም፣ ድራማ የላቸውም፣ ብዙ ጊዜ ዘፋኝ እንኳ የላቸውም። ዲጄ የሚባለው ሰው ከጠረጴዛ ጀርባ ቆሞ ቁልፍ ያዞራል፤ ከፊቱ በሺዎች የሚቆጠር ወጣት እጁን አንሥቶ ይዘላል። ቆየት ብሎ ከተማው ይቀየራል፣ ዲጄው ይቀየራል፣ ሕዝቡም ይቀየራል፤ ድምፁ ግን ያው ዱም ዱም ዱም ነው።

በእንግሊዝ ሀገር ኤምቲቪ ዳንስ የተባለው ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ኋላ ላይ ስሙ ክለብ ኤምቲቪ ተባለ። ክለቢንግ ቲቪ የተባለው ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ሥራዬ ብሎ የያዘው ዲጄዎችንና ክለቦችን ማሳየት ነው።

ስለ ሙዚቃ ሑክም ለመጻፍ አልተነሣሁም። እሱን ዑለማዎቻችን በየኪታቡ አስቀምጠውታል፤ የጠየቀ መልሱን ያገኛል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ልጆቻችን እዚያ ስክሪን ላይ ዐይናቸውን የሚተክሉት ምን አይተው ነው? ይህን ሳናውቅ የምንሰጠው ምክር ከጆሮ አያልፍም ብዬ አምናለሁ።

የምኖረው ዲላ ነው። በሰፈራችን መስጂድ ኢማሙን አግዛለሁ፤ ከዐስር በኋላ ልጆች አቀራለሁ፤ የመስጂዱ አምፕሊፋየርና ማይክ ሲበላሽም የሚጠራው እኔን ነው።

ነገሩ ወደየቤታችን መጀመሪያ የገባው በዲሽ ነው። ያኔ በከተማችን ጣሪያዎች ላይ የነበሩት ዲሾች አብዛኞቹ ናይልሳትንና ዓረብሳትን ፍለጋ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ያዞሩ ነበሩ። ዲሽ ሠሪው ጣሪያ ላይ ሆኖ «አሁንስ?» ይላል፤ ከታች ቴሌቪዥኑ ፊት የቆመው ልጅ «ትንሽ መልሰው! ኳሊቲው ጠፋ!» እያለ ይጮኻል። ሲስተካከል አባት የመካን ሐረም ቀጥታ ስርጭት ያያል። አባት ሱቅ ሲሄድ ልጅ በዚያው ሪሞት ወደ ሮታና፣ ወደ ሜሎዲ፣ ወደ መዚካ ይሻገራል። ዲሽ አይመርጥም፤ ሐረሙንም ጭፈራውንም በአንድ ሽቦ ያወርዳል።

እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ኢትዮሳት ሲመጣ የሀገራችን ጣቢያዎች አብዛኞቹ ወደዚያ ሄዱ፤ ብዙው ዲሽም ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሽቅብ ሰማይ ማየት ጀመረ። «ከዓረብ ዘፈን ተገላገልን» ያሉ አባቶችን አስታውሳለሁ። ነገሩ ግን ዲሹን ትቶ በስልክ መጣ። ይህ የእኛ ሀገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክለብ ኤምቲቪ ራሱ ከሌሎች የኤምቲቪ የሙዚቃ ጣቢያዎች ጋር እንግሊዝ ውስጥ በ2025 የመጨረሻ ቀን ተዘግቷል፤ ተመልካቹ ወደ ዩቲዩብና ወደ ቲክቶክ ከሄደ ቆይቶ ነበር። ቦይለር ሩም የሚባለውም በ2010 ለንደን ውስጥ በአንዲት ዌብካም የጀመረ የኢንተርኔት ስርጭት ነው፤ ዛሬ የየሀገሩን ዲጄ በእጃችን መዳፍ ላይ ያመጣዋል። ዲላ ውስጥ ፀጉር ቤት ገብታችሁ ተራ ስትጠብቁ ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ይህንኑ ሲያሳይ ታገኙታላችሁ። አንዳንዴ ድምፁ ተዘግቶ ሰዎቹ በዝምታ ሲዘሉ ይታያሉ።

ባለፈው የቡና ወቅት አንድ የማከብራቸው ሐጂ ከመግሪብ በኋላ ያዙኝ።

«ኡስታዝ፣ እስቲ ይሄን ልጅ ምከርልኝ» አሉ። «ከፀጉር ቤት አይወጣም። ቤት ሲገባም ስልኩ ላይ ተደፍቶ የፈረንጅ ጭፈራ ነው የሚያየው። ዲሹን ላወርደው ነው፣ ስልኩንም ልሰብረው ነው።»

«ሐጂ፣ ሁለት ቀን ይስጡኝ። መጀመሪያ ልጁን ላናግረው» አልኳቸው።

ልጁ ቁርኣን የቀራው እኔው ዘንድ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ አላለፈም። በዚህ ሊፈርድበት የሚፈልግ ካለ በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰደው ተማሪ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 ከመቶ ብቻ እንደነበር ያስታውስ። አብረውት የተማሩት አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ሞያሌ ተበትነዋል። እሱ ቀን አባቱ ሱቅ ይቆማል፤ ማታ ግን የሚሄድበት የለውም።

ምን እንደሚያይ ስጠይቀው አፍሮ ዝም አለ። «አልቆጣህም፣ አሳየኝ» አልኩት። አሳየኝ። ብዙ ሕዝብ፣ ብዙ መብራት፣ ያ ድምፅ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ ዘፈኑን ወድጄው እንዳይመስልዎት። ዘፈንም የለውም። ሰዎቹን ነው የማየው። ሁሉም አንድ ላይ ናቸው። ብቻውን የቆመ ሰው የለም።»

ይህ መልስ ስለ ነገሩ አመጣጥ እንዳነብ አደረገኝ፤ ያገኘሁትንም ላካፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ቺካጎ ውስጥ ዌርሃውስ የሚባል ክለብ ተከፈተ፤ ትርጉሙ መጋዘን ማለት ነው። ዲጄው ፍራንኪ ነክልስ ይባል ነበር። ወደዚያ የሚሄዱት በአብዛኛው ጥቁሮችና ከላቲን አሜሪካ ዘር የሆኑ ወጣቶች ነበሩ፤ ሌላው ቦታ በሩን የዘጋባቸው፣ ማኅበረሰቡ ያገለላቸው ሰዎች። ሃውስ የሚባለው የሙዚቃ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከዚህ ቤት እንደሆነ ይነገራል። በ1979 በዚያው ከተማ አንድ የቤዝቦል ስታዲየም ውስጥ የዲስኮ ሸክላዎች ተሰብስበው በሺዎች ፊት በፈንጂ ወደሙ። ዲስኮን የጠላው ሰው በዚህ ያበቃለት መስሎት ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ከዚያችው ከተማ ሃውስ ወጣ። ከዲትሮይት ደግሞ፣ የመኪና ፋብሪካዎቿ እየተዘጉ ሠራተኛዋ ሥራ ፈት ከሆነባት ከተማ፣ ቴክኖ ወጣ። ወጣቶቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ፣ ገበያ ያጡ የጃፓን የከበሮ ማሽኖችን በሁለተኛ እጅ በርካሽ እየገዙ በየቤታቸው ይሠሩት ነበር።

ይህን ሳነብ የሐጂው ዲሽ ትዝ አለኝ። እነዚያ ሸክላውን በፈንጂ አነጎዱት፤ ሰዎቹን ወደዚያ ቤት የወሰዳቸው ችግር ግን በቦታው ቀረ። ማታ የሚቀበላቸው ሌላ በር አልተከፈተላቸውም።

ድምፁ እንዴት እንደሚሠራ ማይክና አምፕሊፋየር የነካ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ከበሮው በየምቱ እኩል ይወድቃል፤ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ጊዜ ገደማ። አንድ ቦታ ላይ ዲጄው ባሱን ያጠፋዋል፣ የቀረውን ድምፅ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ሰዉ ትንፋሹን ይይዛል። ባሱ በአንድ ጊዜ ሲመለስ ሁሉም አብሮ ይዘላል። ድሮፕ ይሉታል። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ዋና ሥራ ይህችን ቅጽበት መጠበቅ ነው፤ ባሱ ሲወድቅ የሚስቁትን ፊቶች ያሳያል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ድሮፕ ይሄዳል። ተመልካቹ ቤቱ ተቀምጦ ደስታውን ብቻ ተመርጦለት ያያል።

ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ያስቆመዋል፤ ባስ ግን ያልፋል። ሌሊት ከሩቅ ክለብ ቃሉ ሳይሰማ ዱም ዱሙ ብቻ መኝታችን ድረስ የሚመጣው ለዚህ ነው። የአዛን ድምፅ ማጉያችን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ባስ የለውም፣ ቃሉ ግን ሩቅ ይሄዳል።

ካሜራው የማያሳየውን ሱብሂ ለመስገድ የሚወጣ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ከጭፈራ ቤት የሚመለሱትን እናገኛለን። አንዱ ባጃጅ እየጠበቀ ደረጃ ላይ ተቀምጧል፣ አንዷ ጫማዋን በእጇ ይዛለች፣ አንዱ ስልኩ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ይጨቃጨቃል። አብዛኛው ብቻውን ነው። በእነሱ ላይ አልፈርድም፤ ሰላም ብዬ አልፋለሁ፣ እነሱም ይመልሱልኛል። የክለብ ጣቢያ ግን ይህን ሰዓት አያሳይም። መግቢያ የተከፈለውን፣ መጠጥ የወሰደውን፣ በማግስቱ የቀረውን ሥራ አያሳይም። በሽተኛ የለበትም፣ ሽማግሌ የለበትም፣ ማንም ስም የለውም። አብረው የዘለሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ቢታመም ሌላው ይጠይቀው እንደሆነ አናውቅም።

ስለ ጆሮም ላንሳ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ባለው ዕድሜ ካሉት ወጣቶች ከ1 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት በከፍተኛ ድምፅ የተነሣ የመስማት አቅማቸው አደጋ ላይ እንደሆነ ይናገራል፤ በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው መመሪያም አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። ይህ ምክር የሰርግ ድንኳንንም፣ የእኛን የመስጂድ ድምፅ ማጉያም ይመለከታል።

ሐጂው «የፈረንጅ ጭፈራ» ይሉታል፤ አሁን ግን የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ሮፍናን ኑሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ነጸብራቅ በተባለው አልበሙ የኤሌክትሮኒክ ምትን ከሀገር ባህል ዜማ ጋር አዋህዶ በወጣቱ ዘንድ ስሙ ገነነ። ከእሱ ቀደም ብለው እነ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የሀገራችንን ድምፆች ከኮምፒውተር ምት ጋር እየቀላቀሉ ሥራቸው ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ተብሎ ይጠራ ነበር። የእኛም ነሺዳ ቢሆን ስቱዲዮ ገብቶ በኮምፒውተር ድምፁ ሲስተካከልና ሲታጀብ «ያለ መሣሪያ ነው» እየተባለ ሥሩ ላይ ያው ዱም ዱም ሲሰማ ጆሮ ያለው ይለየዋል። ጀርመኖች ደግሞ በመጋቢት 2024 የበርሊንን ቴክኖ በሀገራቸው የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ መዝገብ ውስጥ አስገብተውታል። ስለዚህ «ባዕድ ነው፣ ያልፋል» ብለን የምንተወው ነገር አይደለም።

እኛ በምንኖርበት አካባቢስ ሰው የሚሰበሰበው እንዴት ነው? የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2023 ሪያድ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ ስብሰባ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም የዲላ ሰዎች ተደስተናል። ቡናውና እንሰቱ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ተደጋግፈው የሚበቅሉበት፣ የጥንት ትክል ድንጋዮች የቆሙበት ምድር ነው። የጌዴኦ ሰው ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበትን፣ ነገር የሚመክሩበትን ቦታ ሶንጎ ይለዋል። ሶንጎ ቦታው የታወቀ ነው፣ ጊዜው የታወቀ ነው፣ ማን እንደሚገኝበትም የታወቀ ነው። ያጠፋም የተበደለም የት እንደሚሄድ ያውቃል። ሰውን የሚያሰባስብ ነገር ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ይፈልጋል፦ ቦታ፣ ሰዓት፣ ሰው። ክለቡ ሦስቱም አሉት። የክለብ ጣቢያው ደግሞ የሦስቱን ሥዕል ይሸጣል።

የእኛ አባቶችም ሌሊትን ባዶ አልተዉትም ነበር። ወሎ ውስጥ በመንዙማ ቤት አውራጁ ያወጣል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፣ ድቤው ይመታል፤ የተቀመጠው ሰው በሙሉ ቃሉን ያውቀዋልና ተመልካች የሚባል የለም። ስለ መንዙማና ስለ ድቤ በዑለማዎች መካከል ያለውን ኺላፍ እዚህ አልገባበትም። የማነሳው አንድ ወጣት ሲመሽ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚጠብቀው ያውቅ እንደነበር ነው። ካልመጣም «እገሌ የት ቀረ?» የሚል ነበረው።

ረመዷን ላይ ይህን በዐይናችን እናየዋለን። ማታ ማታ መስጂዳችን ጢም ይላል። ያ ፀጉር ቤት የሚውለው ልጅ ራሱ ለተራዊሕ ትከሻውን ከጎኑ ሰው ትከሻ ጋር ገጥሞ ይቆማል፤ የጎተተው ሰው የለም። ሰዓቱን ያውቃል፣ ጓደኞቹም እዚያ ናቸው። ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ለዒሻእ የሚቆመው ሰፍ ወደ ሁለት ይወርዳል። ዒባዳን ከጭፈራ ጋር እያወዳደርኩ አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ። «የኢማን ድክመት ነው» ለሚሉትም ልክ ይሆናሉ እላለሁ። ግን አስተውሉ፦ በረመዷን ልጁን የሚጠብቀው ሰው አለ፤ በሸዋል የሚጠብቀው ስልኩ ነው።

በሁለተኛው ቀን ሐጂውን ሱቃቸው ሄጄ አገኘኋቸው። «ሐጂ፣ ዲሹን ቢያወርዱት ስልኩ አለ፤ ስልኩን ቢሰብሩት ፀጉር ቤቱ አለ። ልጅዎ ጭፈራ አልናፈቀውም፤ ሰው ነው የናፈቀው» አልኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ «እና እኔ ምን ላድርገው? ማታ እኮ ደክሞኝ ነው የምገባው። ከሱ ጋር ኳስ ልጫወት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከንጋት እስከ ማታ ቆሞ የሚውል የስልሳ ዓመት ሰው ለልጁ ጓደኛ ሊሆንለት አይችልም። ዲሹ እስካሁን ጣሪያው ላይ አለ። ጉዳዩ ከአንድ አባት ትከሻ በላይ ስለሆነ ወደ ጀመዓው ይመጣል።

ብዙ መስጂዶቻችን ከዒሻእ በኋላ መብራት አጥፍተው ይቆለፋሉ። ምክንያት አለው፤ ሌባ አለ፣ የመብራት ክፍያ አለ፣ ኻዲሙም ሰው ነው፣ ይተኛል። በግቢያችን ግን ልጆች የሚቀሩበት ክፍል አለ፤ ከዒሻእ በኋላ ማንም አይጠቀምበትም። ሐሙስና ቅዳሜ ማታ እስከ 4 ሰዓት ክፍት ይሁን፣ ቁልፉን እኔ ልያዝ ብዬ ለሽማግሌዎች አቀረብኩ። ሻይ ይኖራል። በነዚያ ሁለት ማታዎች ሙሓደራ አይኖርም፤ ለሙሓደራ ጁሙዓ አለን። ፈተና ደግመው ለሚወስዱት ዲላ ዩኒቨርሲቲ ከሚማሩት ወንድሞቻችን ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠና እንጠይቃለን። የቀረው ጊዜ የወሬ ነው፤ ኳስም ይወራ፣ ሥራም ይወራ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «መስጂዱን ሻይ ቤት ልታደርገው ነው?» አሉኝ። ሌላው ጫት ይዘው ቢመጡስ ብለው ሰጉ። ሁለቱም ስጋቶች ቀላል አይደሉም። በመጨረሻ «ለሁለት ወር ይሞከር፣ ጫትና ሲጋራ ከበር ይመለስ፣ ድምፅ ከጎረቤት አይለፍ» ተብሎ ተፈቀደ።

የመጀመሪያው ሐሙስ አራት ልጆች መጡ፤ ሁለቱ ስልካቸውን ሲያዩ አመሹ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አሥራ አንድ ሆኑ። የሐጂው ልጅ ሦስት ማታ መጣና በአራተኛው ቀረ። በማግስቱ ሱቅ ሄጄ «ትናንት የት ቀረህ? ሻይህ ቀዘቀዘ» አልኩት። አቀርቅሮ ሳቀ። ቅዳሜ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ሲመጣም ሲቀርም አለ። ያን ድምፅ ትቷል አልላችሁም። እኔም ስልኩን አልፈትሽም።

ሸሪዓው የሚለውን ለልጆቻችን ማስተማራችንን እንቀጥላለን፤ ይህ ግዴታችን ነው። ነገር ግን ሐራሙን ከነገርነው በኋላ ልጁ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የት እንደሚቀመጥም ማሰብ አለብን። እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ካያችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀምጣችሁ «ምን እያየህ ነው?» በሉትና መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙት። የመስጂድ ኮሚቴ የሆናችሁ ወንድሞች፣ በግቢያችሁ ከዒሻእ በኋላ ተቆልፎ የሚያድር ክፍል ካለ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። ለሴት ልጆቻችን ምን እንደምናደርግ እኛ ገና መላ አላገኘንለትም፤ ማታ ከቤት መውጣቱ ለእነሱ ይከብዳልና። በእናንተ ከተማ የተሞከረ ነገር ካለ ጻፉልን፣ እንማርበት።

አላህ ልጆቻችንን የዐይን ማረፊያ ያድርግልን፣ እኛንም የሚጠጉብን ሰዎች ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።